ወደ ኋላ የሄደው ወንበር

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ በመተማ ቆላ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ነው። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ብዙ ነው፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሊሞትብኝ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ከስሙ በቀር ምንም የማላውቀው አንድ ሰው ያን ቀን ያደረገውን ነገር እስከ ዛሬ አስቤ ስለማልጨርሰው ነው።

ባለቤቴ ዘለቀ ሾፌር ነበር። ከአብዮቱ በፊት፣ አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ የገዛት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችን። በእሷ ከሸሕዲ መተማ ሰው እናመላልስ ነበር። መኪናዋ ጠንካራ ናት፤ ለረጅም ሰው ግን አትመችም። የሾፌሩ ወንበር ከኋላው ካለው ላሜራ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይሄድም። ባለቤቴ ደግሞ ረጅም ነበር። ጉልበቱ መሪውን እየነካ፣ እግሩን አጥፎ፣ እንደምንም ተላምዶት ኖረ።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ከጭነት መኪና ላይ ወደቀና የግራ ጉልበቱ ተሰበረ። ወጌሻው እግሩን አተረፈለት። ጉልበቱ ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ፤ አልታጠፍ አለ። ቀጥ ያለ እግር ይዞ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አይቻልም። እሱ ግን ሞከረ። በሩን ከፍቶ፣ ጎኑን አስቀድሞ፣ እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ለማስገባት ታገለ። ደጅ ቆሜ አየዋለሁ፤ አንዳች ነገር ብናገር የሚብስበት መሰለኝ። ወርዶ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱም ሞከረ። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ መኪናዋ መሄዱን ተወ፤ ዶሮዎች ከሥሯ ይተኙ ጀመር።

መንዳት ልማር ያልሁት እኔ ነኝ። ጎንደር ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሥራ ሳላገኝ አግብቼ ነው ወደ ቆላ የወረድሁት። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። እሱ ከኋላ ባለው የጎን አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ከዚያ ሆኖ ያዝዘኛል። «ማርሽ» ይላል። «ፍሪሲዮኑን እስከ ታች። እስከ ታች አልሁሽ።» ያ የፍሪሲዮን መርገጫ ከባድ ነበር። ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር አጥብቄ ካልተደገፍሁ አይረገጥልኝም። አጭር ብሆንም ወንበሩ ወደ ፊት የቀረበ ስለነበር እግሬ ይደርስ ነበር። ለእሱ የጠበበው ቦታ ለእኔ ልክ ሆነ።

ጎንደር ወጥቼ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ሸሕዲ ላይ ሲያዩኝ ለመሳፈር ያመነታሉ። አንዱ አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ አይቶኝ «እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ» ብሎ ወረደ። ሌላው ደግሞ «ሴት ስትነዳ ቀስ ትላለች፤ ቀስ ያለ አይሞትም» ብሎ በቦታው ገባ። እያደር ለመዱኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ነዳሁ። መንገዱን ከነጉድጓዱ አወቅሁት። ወድጄው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ሒሳብ ይቀበላል፤ ጎማ ሲተነፍስ ያግዘኛል። ተሳፋሪ ሲቀልድ አብሮ ይሥቃል። ነገር ግን መሪው ላይ ያለውን እጄን አንዳንዴ እንዴት እንደሚያየው አውቅ ነበር።

መተማ፣ ጠረፉ አጠገብ፣ ብዙ ዘመን ገዳሪፍ ሠርቶ የተመለሰ አንድ መካኒክ ነበር። ሱዳኖቹ የእጅ ባለሙያን ኡስታ ስለሚሉ አገሬው ሁሉ ኡስታ እያለ ይጠራዋል። የባለቤቴን ነገር ሲሰማ «እሱ ለመኪናዋ አልረዘመም፤ መኪናዋ ናት ያጠረችበት፤ አምጧት» ብሎ ላከብን። ይዘናት ሄድን። እዚያ ድረስ የነዳኋት እኔ ነኝ።

ኡስታ ባለቤቴን በገመድ በተሠራ የሱዳን አልጋ ላይ አስቀምጦ የተዘረጋ እግሩን በስንዝር ለካ። ከዚያ ወንበሩን ነቅሎ ከኋላው ያለውን ላሜራ በሰጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ይቆርጥ ጀመር። ላሜራው አሉሚንየም ስለሆነ ብየዳ አይቀበልም አለ። ስለዚህ ወንበሩን ከስንዝር በላይ ወደ ኋላ ስቦ በአንግል ብረትና በቡሎን ሊያስረው ነው። ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጥተው ከበውት ያያሉ።

አንዱ «ዘለቀ፣ ሚስትህን ከሥራ ልታስወጣት ነው?» አለው።

«ጡረታዋንስ ማን ይከፍላታል?» አለ ሌላው። ተሳሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ።

ኡስታ ሰጌቶውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። «እሷስ? እግሯ ይደርሳል?» አለ።

«እሷ ከእንግዲህ ትረፍ፤ ብዙ ደከመች» አለ ባለቤቴ።

በደግነት ነው ያለው። ከልቡ ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ኡስታ ትንሽ ጠብቆ፣ ሌላ ነገር እንደማልናገር ሲያይ ወደ ቆረጣው ተመለሰ።

ከመተማ እስከ ሸሕዲ የነዳው ባለቤቴ ነው። የግራ እግሩ ቀጥ እንዳለ ከወገቡ እየገፋ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል። ፊቱን አየሁት፤ ከወደቀ ወዲህ እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ። በማግስቱ እሱ በሌለበት በሩን ከፍቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። የእግሬ ጣት የፍሪሲዮኑን ጫፍ ብቻ ነካ። ወርጄ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ተሳፋሪ መቁጠርና ሒሳብ መቀበል ሆነ። አንዳንድ የለመዱኝ ሠራተኞች «እቴ፣ መንዳቱን ተውሽው?» ይሉኛል። «አረፍሁ» እላቸዋለሁ።

ያ ቀን የመጣው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ሰው መተማ አድርሰን፣ ጭነትም ተሳፋሪም ሳንይዝ ሁለታችን ብቻ ወደ ሸሕዲ እየተመለስን ነበር። ጠዋት ብርድ ብርድ ይለኛል ብሎኛል። ቆላ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ወባን ያስባል። አሳስቤው ነበር፤ ስንመለስ ክኒን እውጣለሁ አለኝ።

ኮኪት የምትባለውን መንደር አልፈን ብዙም ሳንሄድ መኪናዋ ከመንገዱ ትወጣ ጀመር። ዞር ብዬ ሳየው እጁ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱ ይፋጫል። እንደምንም አቆማት። ግንባሩን ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። «በሬዎቹን ከሰብሉ መልሷቸው» አለኝ። በሬ አልነበረም። ያን ጊዜ ወባው ጭንቅላቱ ላይ እንደወጣ ገባኝ። እንዲህ ሆነው ጠዋት ታመው ማታ የተቀበሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ጤና ጣቢያ ያለው ሸሕዲ ነው። ነዳጅ በኮታ በነበረበት በዚያ ዘመን መንገዱ ላይ መኪና እንደልብ አይገኝም። ጠዋት የወታደር ኮንቮይ አልፏል፤ ሌላ የሚያልፍ ቢኖር ነገ ነው። ባለቤቴን ጎትቼ ወደ እኔ መቀመጫ አሻገርሁት። ያ የማይታጠፍ እግሩ ማርሹ ላይ እየተያዘ አስቸገረኝ። ከዚያ ዞሬ በሾፌሩ በር ገባሁ።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ። ከኋላዬ የሚይዘኝ ነገር ስለሌለ ፍሪሲዮኑ ወደ ታች ከመሄድ ይልቅ እኔ ወደ ኋላ ሄድሁ። መሪውን ጨብጬ ሞከርሁ። የእሱን ኮትና የእኔን ነጠላ አጥፌ ከጀርባዬ ሸጎጥሁና ሞከርሁ። ምንም አልረዳኝም። የምችለው ሥራ ነው፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ፤ በስንዝር ርቀት ምክንያት ግን ባለቤቴ አጠገቤ ሊሞት ነው።

ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ቁርቁራ ዛፍ ሥር የሰሊጥ አጫጆች ምሳ በልተው ያረፉበት ነበር። ሮጥሁ። ሲያዩኝ ተነሡ። ካቦው ማለትም የሠራተኞቹ አለቃ ጎልማሳ የጎንደር ሰው ነው። የሆነውን ነገርሁት። ከእናንተ መንዳት የሚችል አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«በሬ ከሆነ ሁላችንም እንነዳለን» አለ አንድ የጎጃም ልጅ።

ካቦው ገሠጸው። ከዚያ ሁሉም ተከትለውኝ ወደ መኪናዋ መጡ። ባለቤቴን አዩት። ችግሩን ተቀምጬ አሳየኋቸው፤ እግሬ እንደማይደርስ፣ ስረግጥ እንዴት ወደ ኋላ እንደምሸሽ።

ካቦው «ከጀርባዋ የሚገባ ነገር አምጡ» አለና ሁለት ሰው ልኮ ግማሽ ጆንያ ሰሊጥ አስመጣ። ከመጀመሪያው ማራገፍ የተገኘ ነው። ከጀርባዬ አቆሙት። ልክ ሆነ፤ እግሬ በደንብ ደረሰ። ሞተሩን አስነሥቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ። ጆንያው ከጀርባዬ ሥር እንደ ውሃ ግራና ቀኝ ሄደ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ቢያስተካክሉትም እንደገና ያው ሆነ። ሰሊጥ ሙልጭልጭ እንደሆነ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሲያጭዱትና ሲያራግፉት የሚውሉ ናቸው። በድንጋጤ ግን አንዳችንም አላሰብነውም።

«ሰሊጥ ተደግፎ ማን ተቀምጦ ያውቃል?» አለ የጎጃሙ ልጅ፣ ለራሱ ያህል።

አንድ እስከዚያ ያልተናገረ ሰው ነበር። ዕድሜው ከሌሎቹ ገፋ ያለ፣ ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ። ወደ ዛፉ ሄደና ጥቅልሉን ይዞ ተመለሰ።

ስለዚህ ጥቅልል መናገር አለብኝ። ለአጨዳ የሚወርድ ሠራተኛ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ጥቅልል ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱ፣ ቅያሪው፣ ለልጆቹ የገዛው፣ የወራት ድካሙ፣ ሁሉም እዚያ ነው። በገመድ ጠፍንጎ አስሮት ቀን በዓይኑ ይጠብቀዋል፤ ሲተኛ ይንተራሰዋል። ለወንድሙ እንኳ ያዝልኝ ብሎ አይሰጥም። ሰው ጥቅልሉን ከእጁ ከለቀቀ ወይ ሞቷል ወይ አገሩ ገብቷል ይባል ነበር።

ሰውየው ጥቅልሉን ከጀርባዬ አስገባው። እንደ ግንድ የጠነከረ ነው። «እርገጪ» አለኝ። ረገጥሁ፤ እስከ ታች ወረደ። የነዶ ማሰሪያ ገመድ አውጥቶ ከወንበሩ ጋር አጥብቆ አሰረው።

«ሁሴን፣ ምን ላይ ልትተኛ ነው?» አለው ካቦው።

«መሬቱ አለ» አለ።

አንድ ሰው አብሮኝ ይሂድ ብዬ ለመንሁ፤ ባለቤቴን የሚይዝልኝ፣ ጥቅልሉንም የሚመልስ። ማንም አልደፈረም፤ አልፈርድባቸውም። በዚያ ሰሞን ኬላ ላይ ሰው እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይላክ ነበር። ስለዚህ ሁሴን ጥቅልሉ ሸሕዲ ቢቀርበት እንኳ ሊፈልገው መሄድ እንደማይችል እያወቀ ነው የሰጠኝ። ስሜን አልጠየቀም። የት እንደምኖር አልጠየቀም።

«እመልሰዋለሁ» አልሁት።

«አብሽሪ። ሰውየውን አድርሽው» አለኝ።

ባለቤቴን በነጠላዬ ከወንበሩ ጋር አስረውልኝ ሄድሁ።

መንገዱን አስታውሳለሁ። ክረምት የተቦካው ጥቁር አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቀስ ብል ይሞትብኛል፣ ብፈጥን ይወድቅብኛል። መጀመሪያ ላይ በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ «ማርሽ» ይለኝ ነበር። «ቀይሪ፣ ሞተሩ እየጮኸ ነው።» ትክክሉን ነው፤ ሞተሩ ይጮህ ነበር። እቀይራለሁ። በኋላ ግን ዝም አለ። ከሁሉ ያስፈራኝ ያ ዝምታ ነው። «አሁን ስንተኛ ማርሽ ላይ ነኝ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አልመለሰልኝም።

ሸሕዲ ልንደርስ ስንል ኬላው አለ። ጠረፉ ቅርብ ስለሆነ ከሱዳን የሚገባ ጨርቅና ሳሙና ይፈተሻል። ወታደሩ ወጣት ነው። መንገዱን የዘጋውን ገመድ ሳያወርድ መጥቶ በመስኮቱ አየ።

«ከጀርባሽ ያለው ምንድን ነው?»

«ትራስ ነው።»

«የማን?»

«የአንድ የቀን ሠራተኛ።»

«ፍቺው።»

በውስጡ ያለውን አላውቅም ነበር። የሱዳን ጨርቅ ቢገኝበት ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። «ከፈታሁት መንዳት አልችልም» አልሁና እግሬን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ። ከዚያ በሌላው በኩል ዞሮ የእጁን ጀርባ ባለቤቴ ግንባር ላይ አኖረ። ገመዱን አወረደ።

«ስትመለሺ አየዋለሁ» አለኝ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። ሰዎች ባለቤቴን ተሸክመው አስገቡት። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ መርፌ ወጋው፤ ግሉኮስ ሰቀለለት። ማን ነው እዚህ ድረስ የነዳው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልሁ። አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ባለቤቴ በማግስቱ ወደ ማታ ዓይኑን ገለጠ። ውሃ ለመነ። ስሜን ጠራ።

ጥቅልሉን ቤት አስገብቼ አልጋ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ መሬት ላይ ማኖር ነውር መሰለኝ። የባለቤቴ እኅት ልታስታምም መጥታ ስታየው፣ ፍቺና እዪው፣ ኮንትሮባንድ ቢሆንስ፣ ኬላ ላይ ለምን በሰው ዕቃ ትያዣለሽ አለችኝ። ምክሯ ደግ ነበር። የእኔ ስላልሆነ አልፈታውም አልኋት።

የባለቤቴ ትኩሳት ሲወርድ እሱን ለእኅቱ ትቼ ጥቅልሉን መልሼ ከጀርባዬ አሰርሁና ብቻዬን ወጣሁ። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር።

«ዳነ?» አለኝ።

«ትኩሳቱ ወርዷል።»

«ትራሱስ?»

«ለባለቤቱ ልመልስለት ነው።»

ገመዱን አወረደው። ሊያየው አልመጣም።

አጫጆቹን ከቁርቁራው አልፎ ወደ ውስጥ ገባ ባለው ማሳ አገኘኋቸው። መጀመሪያ ያየኝ የጎጃሙ ልጅ ነው። «እናንተየ፣ የሁሴን ትራስ መኪና እየነዳች መጣች!» ብሎ ጮኸ። ማጭዳቸውን እንደያዙ መጡ። ሁሴን መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ መጣ። ጥቅልሉን ፈትቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ቋጠሮውን አላየም፤ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ሰውየውስ?» አለኝ።

«ተረፈ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ምን ላይ ተኛህ አልሁት። ነዶ ላይ አለኝ። ይኮሰኩሳል እንጂ ሽታው ደኅና ነው አለኝ። ለማመስገን ያሰብሁትን ቃል በመንገድ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ ከፊሉን እንኳ ሳልናገር እጁን አነሣና በቃ የሚል ምልክት አሳየኝ።

ተሰናበትኋቸው። ወደ መኪናዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እግሬን ዘረጋሁ። አልደረሰም።

ትራሱን ለመመለስ ስጣደፍ፣ ከመለስሁት በኋላ በምን ወደ ቤቴ እንደምገባ ጨርሶ አላሰብሁም ነበር። ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እነሱም ገባቸው።

«ካቦ፣ ይህች ሴት እኛ ጋር ቀረች፤ ማጭድ ስጧት» አለ የጎጃሙ ልጅ።

ማሳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሳቁ ወደ እንባ ሊሄድብኝ ሲል ያዝሁት።

ሁሴን ግን አልሳቀም። ባዶ ጆንያ አስመጣ። አንድ የሰሊጥ አገዳ አነሣና ከወንበሩ መደገፊያ እስከ ጀርባዬ ለካ፤ ልኩ ላይ ሰበረው። ፍሬው የተራገፈ አገዳ በዚያ ልክ እየቆረጡ ጆንያውን እስኪጠነክር ሞሉት፤ ጀርባዬ በሚያርፍበት በኩል ደረቅ ሣር ደለደሉበትና አፉን በወስፌ ሰፉት። እያስገባ እያወጣ አስተካከለው። «እርገጪ» ይለኛል፤ እረግጣለሁ። «አሁንስ?» ይላል።

በመካከሉ «ይህን ወንበር እንዲህ ያራቀው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ባለቤቴ እግሩ ስለማይታጠፍ ለእሱ የተሠራ ነው አልሁት። አገዳውን እየጠቀጠቀ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲህ እሱ ሲነዳ ያውጣው፤ አንቺ ስትነጂ አስገቢው። ይህ ምን ያጣላል?»

«አልተጣላንም» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ አገዳ አነሣ።

ባለቤቴ ለመነሣት ሳምንታት ፈጀበት። እስኪነሣ ድረስ እኔ ነዳሁ። በመጀመሪያ ወደ መኪናዋ የመጣ ቀን ወንበሩ ላይ ያለውን ጆንያ አየው፤ ዳሰሰው፤ ይህ ምንድን ነው አለኝ። ሁሉንም ነገርሁት። ኬላውን፣ ጥቅልሉን፣ ሁሴን የጠየቀኝንና የመለስሁለትን ጭምር። እግሩን ዘርግቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ወደ መተማ የምሄደው እኔ ነኝ» አለ። ጆንያውን አውጥቶ ከኋላ አኖረውና ገብቶ ነዳ።

ማታ ቤት ስንደርስ ወረደ። ዘንጉን ተደግፎ ወደ ኋላ ዞረ። ጆንያውን አነሣና መልሶ ወንበሩ ላይ አቆመው። በእጁ ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ እንዳይጋደል አስተካከለው። ከዚያ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ጠዋት ወደ መተማ ገበያ የሚሄዱ ሰዎችን የጫንሁት እኔ ነኝ።

ሁሴንን ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም። በአነጋገሩ የወሎ ሰው ስለመሰለኝ፣ ከዚያ የመጡ ሠራተኞች ስጭን እየጠየቅሁ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ሁሴን የሚባል ሰው ብዙ ነው እያሉ ይሥቁብኛል። በጥቅልሉ ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ነፍሱን ይማር። መኪናዋም የለችም። ጆንያው ሲያረጅ ባለቤቴ በሸራ አልብሶት ነበር፤ ሸራው ሲቀደድም ራሱ ሰፋው። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ወንበሩ አንድም ጊዜ ተነጋግረን አናውቅም። እሱ ሲወርድ ጆንያውን መልሶ ያቆመው ነበር፤ እኔ ስወርድ አውጥቼ ከኋላ አኖረው ነበር። ወጣት ሳለሁ ባሎች ለሚስቶቻቸው የሚናገሩትን ቃል ስሰማ አንዳንዴ እቀና ነበር። አሁን አልቀናም።